አደራ ተቀባዩ አይጠረጠርም
ስለ አስገድዶ መድፈር የቀረበው ጽሑፍ፣ ሕዝቡ አስገድዶ ደፋሪን ሁልጊዜ በማያውቀው መንገደኛና በሥራ ፈት ጎረምሳ መካከል የሚፈልገው በመረጃ እጥረት ነው ማለቱ አልተዋጠልኝም። በምሥራቅ ጎጃም ለዓመታት ሳስተምር እንዳየሁት፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶችን ወላጆቻቸው ቅዳሜ ስንቅ ይዘው ሲመጡ ለአከራዩ ወይም ለከተማ ዘመድ “አደራ” ብለው ይሰጣሉ፤ ልጅቱ በዚያው ሰው ስትጠቃ ለማመን የሚቸገሩት አለማወቅ ይዟቸው ሳይሆን፣ ካመኑ ኑሯቸው የቆመበት መተማመን ስለሚናድባቸው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሜልቪን ለርነር “ዓለም ለሁሉም የሚገባውን ትሰጣለች” የሚለውን እምነት ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ሰው እምነቱን ላለማጣት ተጎጂውን ይወቅሳል፣ እኛም “ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው” ብለን እናልፈዋለን (ምሳሌው በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ያለቦታው ሲገባ እንጂ)። በዚያው ጽሑፍ ላይ አስተያየት ሲሰጡ፣ የተደፈረችን ልጅ “በጊዜ ቤቷ ብትገባ ኖሮ” ብለው ለወቀሱት ወንድሜ፣ እኔ የማውቃት ተማሪ የተጠቃችው በጠራራ ፀሐይ፣ እዚያው በተከራየችበት ግቢ ውስጥ ነው። ሕጉም ቢሆን የታመነ ሰው አይጠረጠርም ከሚለው አስተሳሰብ አልራቀም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን “ከጋብቻ ውጭ” ብሎ ስለወሰነው ባል አስቀድሞ ከተጠርጣሪነት ወጥቷል። የተማሪዬ ጉዳይ በሽማግሌዎች ታይቶ በካሣ ተዘጋ፤ አከራዩ “የተከበረ ሰው ነው” ስለተባለ ለፖሊስ ያመለከተ አልነበረም፣ እርሷም ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ገጠር ተመለሰች።