ልጁ ራሱ ይመልስ

አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የአምስት ዓመት ልጅን «ስምህ ማን ነው?» ሲለው የሚሆነውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ ቀና ብሎ ጠያቂውን ያያል፤ መለስ ብሎ እናቱን ያያል፤ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ እናቱ ወይም አባቱ ስሙን ተናግረው፣ ዕድሜውን ጨምረው፣ «ትንሽ ዓይን አፋር ነው» የሚል ማብራሪያም አክለው ጨርሰዋል። ልጁ አፉን መልሶ ይዘጋል። የተጠየቀው እሱ ነበር፤ የመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው።

ስለ ልጆች የተግባቦት ክህሎት በተነሳ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ይህንን ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። ወላጅ ሁሉ ልጁ ሐሳቡን በግልጽ የሚናገር፣ ሰው ፊት የማይደነግጥ፣ የሚፈልገውን በወጉ የሚጠይቅ እንዲሆን ይመኛል። አቅም ያለው ኮርስ ያፈላልጋል፤ ሌላው ልጁን መድረክ ላይ አውጥቶ ግጥም ያስነብባል። መድረኩ አይከፋም። ሆኖም ልጅ በየቀኑ የሚያስፈልገው የመድረክ ንግግር አይደለም። የሚያስፈልገው መምህሩን «አልገባኝም» ማለት፣ ጓደኛውን «አሁን ተራው የእኔ ነው» ማለት፣ ያመመውን ለሐኪም ማስረዳት፣ ከተጣላው ልጅ ጋር መታረቅ፣ የማይፈልገውን ነገር «አይሆንም» ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚለመዱት ከትልልቅ ሰዎች ጋር በሚደረግ ተራ ጭውውት ነው። ጭውውቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምናበላሸው እኛው አዋቂዎቹ ነን፤ የምናበላሸውም በችኮላ ነው።

ይህ ችኮላ የሚለካ ነገር ነው። በ2009 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመና አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ አዋቂዎች ሲነጋገሩ በአንዱ ጥያቄና በሌላው መልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ይህም የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ትንሽ ልጅ በዚህ ፍጥነት ሊመልስ አይችልም። የሰማውን መረዳት፣ የሚለውን መምረጥ፣ ቃላቱን ፈልጎ ማግኘት፣ ቅደም ተከተል ማስያዝ አለበት፤ እነዚህን ሁሉ ገና እየተማራቸው ነው። ለእኛ ዝም ያለ የሚመስለን ልጅ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ልጅ ነው።

ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ ይህንኑ በክፍል ውስጥ አጥንተውታል። በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ለ1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። መምህራኑ ጥበቃቸውን ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ሳይመልሱ የሚቀሩት ቁጥር ቀነሰ፤ ቀድሞ እጃቸውን የማያወጡ ተማሪዎች መናገር ጀመሩ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያነሷቸው ጥያቄዎችም በዙ። ለዚህ ሁሉ ለውጥ አዲስ መጽሐፍም ሆነ አዲስ መሣሪያ አላስፈለገም። ሁለት ተጨማሪ ሰከንዶች ብቻ በቂ ነበሩ። እኔ ስለ ልጅ አስተዳደግ ካነበብኳቸው ምክሮች ሁሉ እንዲህ ርካሽ ሆኖ እንዲህ የሚጠቅም አላገኘሁም።

ስለዚህ ልጃችሁ ሲጠየቅ ዝም በሉ። ልጁ ወደ እናንተ ከዞረ ፊታችሁን ወደ ጠያቂው መልሱለት። ከተጨነቀ ደግሞ «አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልንገራቸው?» ማለት ይቻላል፤ «አንቺ ንገሪያቸው» ካለም ይህ ራሱ ውሳኔ ነውና ተቀበሉት። በፊቱ «ዓይን አፋር ነው» ማለትን ግን ተዉት። ልጅ ስለ ራሱ ደጋግሞ የሰማውን ያምናል። ጥቂት የሚናገሩ፣ ከመናገራቸው በፊት ብዙ የሚያዩ ልጆች አሉ፤ ይህ ጠባይ እንጂ ሕመም አይደለም። ለፍላፊ እንዲሆኑ መገፋትም አይገባቸውም። ማድረግ ያለብን፣ መናገር በፈለጉ ጊዜ ቦታው ተይዞ እንዳይጠብቃቸው መጠንቀቅ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ለልጅ ማውራትንና ከልጅ ጋር ማውራትን እንደ አንድ ነገር መቁጠራችን ነው። ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 ያሳተሙት 42 ቤተሰቦችን የተከታተለ ጥናት፣ በሀብታምና በድሃ ቤተሰብ ልጆች መካከል በሕፃንነት ዘመን በሚሰሙት ቃል ብዛት የ30 ሚሊዮን ልዩነት እንደሚፈጠር ገምቶ ነበር። ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ተናኘ፤ ወላጆችም ያለ ማቋረጥ እንዲያወሩ ተመከሩ። በኋላ ግን የናሙናው ማነስና የአቆጣጠሩ መንገድ ብዙ ትችት ገጠማቸው። ከዚያ በ2018 ከ4 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረገ የአንጎል ምርመራ ይበልጥ የሚያሳምን ነገር አመጣ፦ ልጆቹ ተረት ሲሰሙ ቋንቋን የሚያቀናብረው የአንጎላቸው ክፍል በምን ያህል መጠን እንደሚሠራ ይበልጥ የተያያዘው ከሰሙት ቃል ብዛት ጋር ሳይሆን ከአዋቂ ጋር ከተቀባበሉት ንግግር ብዛት ጋር ነበር። አንተ ትላለህ፣ እኔ እላለሁ፣ መልሰህ አንተ ትላለህ፤ ልጅን የሚሠራው ይህ መቀባበል ነው።

መቀባበሉ የሚጀምረው ልጁ ቃል ከማወቁ በፊት ነው። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባደረጉት የታወቀ ሙከራ፣ ከሕፃን ልጇ ጋር ስትጫወት የቆየች እናት ድንገት ፊቷን አደንድና ምንም ምላሽ ሳትሰጥ እንድትቆይ ተደረገ። ሕፃኑ ፈገግ አለ፣ እጁን ዘረጋ፣ ድምፅ አሰማ፤ የእናቱን ምላሽ ለመመለስ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። አልሆን ሲለው ፊቱን አዞረ፤ አለቀሰም። ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪ ደግሞ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛን ድምፆች መለየት የተማሩት ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ያው ሰው፣ ያው ንግግር በቴሌቪዥን ሲቀርብላቸው አልተማሩም።

ስለ ስክሪን ብዙ ስለተባለ አላስረዝምም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ መልካም እንደሆነ ይገልጻል። ይህ ስለ ልጆቹ ስክሪን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ በወላጅ እጅ ያለው ስልክ ነው። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እሺ… እሺ… በጣም ጥሩ» የሚል አባት ለልጁ እየመለሰለት አይደለም፤ ልጁም ይህንን ያውቃል። ሥራ ካለባችሁ «ይህን ልጨርስና እሰማሃለሁ» በሉት፣ ጨርሳችሁም ስሙት። እንዲህ የተባለ ልጅ መጠበቅንም ይማራል፤ ቃል ማክበርንም ይማራል።

ከዚያ የምሽቱ ጥያቄ ይመጣል። «ትምህርት ቤት እንዴት ዋልክ?» «ደህና።» ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም። አንድ ሙሉ ቀንን በአንድ ቃል ጠቅለል አድርገህ ንገረኝ ተብሎ ተጠየቀ፤ ጠቅልሎም ነገረን። በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ ዛሬ ማን እንደተቆጣና ለምን እንደተቆጣ፣ ያ ትናንት የጀመሩት ሥዕል ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቁት። ደግሞም የራሳችሁን ቀን ቀድማችሁ ንገሩት፤ ምርመራ የሚመስል ጥያቄ ማንንም አያናግርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮቢን ፊቩሽና ኢሌን ሪስ ለዓመታት ባካሄዷቸው ጥናቶች ያለፈን ነገር ከልጆቻቸው ጋር አስፍተው የሚያወጉ፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» «አንተስ ምን ተሰማህ?» እያሉ የልጁን ቃል ይዘው የሚቀጥሉ እናቶች ልጆች፣ በኋላ የገጠማቸውን ነገር የበለጠ አሟልተው የሚተርኩ መሆናቸውን አግኝተዋል። ይህ ችሎታ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የሆነውን ነገር ማን፣ የት፣ ቀጥሎ ምን እያለ በቅደም ተከተል መናገር የሚችል ልጅ ሲበደል አቤት ማለት ይችላል፤ ሲታመምም ማስረዳት ይችላል።

ልጁ ሲሳሳትስ? «ውሻው መጣች» ቢል «እንደዚያ አይባልም!» ብሎ ማስቆም አያስፈልግም። «አዎ፣ ውሻው መጣ! ከየት መጣ?» ስትሉት ትክክለኛውን ሰምቶታል፤ ወሬውም አልተቋረጠም። ወሬን አለማቋረጥ በተለይ ለሚንተባተቡ ልጆች ያስፈልጋል። ከመቶ ልጆች አምስት የሚሆኑት በሆነ ወቅት ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹም እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። «ረጋ በል፣ ትንፋሽ ውሰድ» የሚለው ምክር ከቅን ልብ ቢመጣም ልጁን ያሸማቅቃል። የጀመረውን ቃል አትጨርሱለት። ራሳችሁ ዝግ ብላችሁ ተናገሩ፣ ዓይኑን እያያችሁ እስኪጨርስ ጠብቁ፤ እየባሰ ከሄደ ወይም ልጁ መናገርን መሸሽ ከጀመረ የንግግር ባለሙያ ይየው። በስሙ ሲጠሩት ዞር የማይል ወይም 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃላት የማያጣምር ሕፃንም «ጊዜው ሲደርስ ይናገራል» ተብሎ መተው የለበትም፤ መጀመሪያ መስማቱ ይመርመር። ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ መነገሩ ግን ልጅን አያዘገይም፤ በዚህ ፍርሃት የእናቱን ቋንቋ የሚነፈግ ልጅ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ልጆች እውነቱን እንዲናገሩ እንፈልጋለን፤ እውነቱን ሲናገሩ ደግሞ እንቀጣቸዋለን። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ በ2011 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የምዕራብ አፍሪካ አገር የሚገኙ የሁለት ትምህርት ቤቶችን የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች አነጻጸሩ። አንዱ ትምህርት ቤት በዱላ የሚቀጣ ነበር፤ ሌላው አልነበረም። ልጆቹ አንድ አሻንጉሊት ዞረው እንዳያዩ ተነግሯቸው ብቻቸውን ተተዉ። ዞረው አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ዱላ ባለበት ትምህርት ቤት ያሉት ይበልጥ ዋሹ፤ ውሸታቸውንም ይበልጥ አሳምረው ደበቁ። ፍርሃት ያስተማራቸው ታማኝነትን ሳይሆን መደበቅን ነበር። ብርጭቆ ሰብራ «እኔ ነኝ» ያለች ልጅ መጀመሪያ መስማት ያለባት «እውነቱን ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል» የሚለውን ነው። ስባሪውን አብሮ መጥረግ ቀጥሎ ይመጣል። በግድ የሚባል «ይቅርታ»ም እንዲሁ ነው። አፍን ይዘጋል እንጂ ሰው አያስታርቅም። ልጁ የጎዳው ጓደኛው ምን እንደተሰማው ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ብንወስድ ይሻላል።

«እንዲህ ከሆነማ ልጁ በትልልቅ ሰዎች ላይ አፉን ይከፍታል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም፤ ሰው ሁሉ ልጁ ጨዋ እንዲሆን ይፈልጋል። ነገር ግን ጨዋነት ዝም ማለት አይደለም። ሐሳብን መቃወም በምን ቃል፣ በምን ድምፅ እንደሚባል መማር ነው። «አልፈልግም!» ብሎ የጮኸን ልጅ «በቀስታ ንገረኝ፤ ለምን አልፈለግክም?» ስንለው ድምፁን እንጂ ሐሳቡን አልከለከልነውም። ምክንያቱን ሰምተን አንዳንድ ጊዜ «ልክ ነህ» ብንለው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ገብቶኛል፤ ዛሬ ግን መሆን አለበት» ብንለው፣ ልጁ መደመጥና መሸነፍ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያያል። የተባበሩት መንግሥታት በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፦ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፤ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል። ልጁ ያለው ሁሉ ይፈጸምለት አይልም።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ለትልቅ ሰው ሁሉ እሺ እንዲል ብቻ የተማረ ልጅ፣ ትልቁ ሰው ሊጎዳው ሲመጣ እምቢ የሚልበት ቃል የለውም፤ በኋላም ለማን እንደሚናገር አያውቅም። ልጅ ከባድ ነገርን በአንድ ጊዜ አይዘረግፈውም። ልብሱን ሲለብስ ወይም ሊተኛ ሲል «እዚያ ቤት መሄድ አልወድም» ይላል፤ ከዚያ የሰሚውን ፊት ያያል። «ደግሞ ጀመረህ!» ከተባለ እዚያው ያቆማል። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ተቀመጡ። ብትደነግጡም ፊታችሁን አረጋጉ። «እሱ ነካህ? እንዲህ አደረገህ?» እያላችሁ ቃል አታቀብሉት፤ «ንገረኝ» ብቻ በቂ ነው። የነገራችሁን እንደምታምኑትና ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ንገሩት። ለማንም እንዳትነግሩ ቢለምናችሁ የማትጠብቁትን ቃል አትግቡለት፤ ከዚያ በኋላ ማንን እንደምታናግሩና ለምን እንደሆነ በሚገባው ቃል አስረዱት።