ቁስልም እንደ መሬት በካሬ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ እናት ሰሞኑን ወረቀት እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ከርሟል። ቡናው እስኪፈላ መነጽሬን አድርጌ ገባሁበት። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና ኢንሹራንስ፣ የላከው የሕክምና ሒሳብ ማጠቃለያ ነው። አንድ መስመር ላይ 15275 ይላል፣ ሌላው ላይ በ«ኪው» የሚጀምር ኮድ አለ።

የመጀመሪያው ሐኪሙ የቆዳ ምትኩን (አልድን ያለ ቁስል ላይ እንደ ቆዳ የሚለጠፈውን ስስ ሽፋን) ለለጠፈበት ሥራ ነው፤ እስከ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር። እኛ «እግር» ብለን የምናልፈው ለነሱ ሁለት ነው። መርገጫው 15275፣ ባቱ 15271።

ሁለተኛው የዕቃው ነው። ብዙዎቹ ምርቶች ከእንግዴ ልጅ ሽፋን የሚሠሩ ስስ ቁራጮች ናቸው። ሒሳባቸው በካሬ ሴንቲ ሜትር ይባዛል። አዲስ አበባ መሬት በካሬ ሲቸበቸብ ላየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ጨዋታው ያለው በካሬው ዋጋ ላይ ነው።

እስከ 2025 መጨረሻ (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሜዲኬር የሚከፍለው እንደየምርቱ ዋጋ ነበር። የአንዳንዱ ምርት ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ2,000 ዶላር በላይ ደርሷል። 4 በ5 የሆነ ቁስል ውሰዱ፦ 20 ካሬ፣ 40,000 ዶላር፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ሐኪሙ ዕቃውን በቅናሽ ገዝቶ በሙሉ ዋጋ ካስከፈለ ልዩነቱ ኪሱ ይገባል። ታዲያ ርካሹን ማን ይመርጣል? በ2019 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የሜዲኬር የቆዳ ምትክ ወጪ በ2024 ከ10 ቢሊዮን በላይ ሆነ። የአሜሪካ ቁስል በአምስት ዓመት 40 እጥፍ አልሰፋም። አሪዞና ውስጥ ባልና ሚስት ሞት አፋፍ ላይ ያሉ አዛውንቶችን ጭምር ይዘው ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሐሰት ሒሳብ አስልከው ተፈርዶባቸዋል።

ከጥር 2026 ጀምሮ ግን ለአብዛኞቹ ምርቶች አንድ ዋጋ ወጣ፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 127 ዶላር አካባቢ። ያው የ20 ካሬ ቁስል 2,540 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ቤት ለቤት ቁስል የሚያክሙ አንዳንድ ሐኪሞች ከሰርን ይላሉ። እውነት የሚጎዳ ይኖራል፤ ለማይድን የስኳር ቁስል በደንብ የተፈተኑት ምርቶች ይጠቅማሉ። ቢሆንም እኔ ከአዲሱ ዋጋ ጎን ነኝ። የዋጋው ውድነት የምርቱ ጥራት ማስረጃ ሆኖ አያውቅም።

እኚህ እናት ሜዲኬድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ስላላቸው የሚከፍሉት ዜሮ ነው። «መንግሥት ከፈለ፣ እኔን ምን አገባኝ?» አሉኝ። ሜዲኬድ የሌላት ጎረቤታቸው ግን ተጨማሪ ኢንሹራንስ ከሌላት 20 በመቶው የሷ ነው፤ በድሮው ዋጋ ከ40,000 ላይ 8,000። ለሜዲኬር የሚከፈለው የወር መዋጮም አለ። የሜዲኬር መሥሪያ ቤት ራሱ እንዳለው፣ የቆዳ ምትክ ወጪ ባይገታ ኖሮ የ2026 መዋጮ በወር 11 ዶላር ያህል ይጨምር ነበር።

ወረቀቱ ላይ የተቆጠረውን ካሬ አየሁና ቁስሉን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ካልሲያቸውን አወለቁ። በአውራ ጣቴ ብሸፍነው ይሸፈናል።

«ሲለጥፉት በማስመሪያ ለክተውታል?» አልኳቸው።

«ኧረ የምን ማስመሪያ! በዓይናቸው አይተው ነው የሄዱት።»

የቁስሉ ልክ የተጻፈበትን መዝገብ ክሊኒኩ እንዲልክ ልጃቸው ሰኞ ይደውላል።