ባነር ላይ የበቀለ ስንዴ

የአርሲ ገበሬ ስንዴ መቼ እንደሚደርስ ማንም አይነግረውም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ይዘራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ኮምባይነር ያስገባል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አይጠይቅም። ዲግሪ የሚጠይቀው በጀት መቼ እንደሚደርስ ማወቁ ነው። በጀት ሐምሌ 1 ይዘራል፣ ክረምት ከበጋ አንገቱን ደፍቶ ይከርማል፣ ሰኔ ሲገባ በአንድ ሌሊት ያሸታል። እስከ ሰኔ 30 ያልታጨደ እንደሆነ ረግፎ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ለመሥሪያ ቤት በጀት መመለስ ማለት በረዶ የመታው ማሳ ላይ እንደ መቆም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ "አምና መቼ ተጠቀማችሁበት?" ተብሎ ይቀነሳል።

ስለዚህ የግብርና ጋዜጠኞች የመስክ ጉብኝት ሰኔ 26 መጀመሩን ሰምተው የሚያላግጡ ሰዎች የአዝመራ ምስጢር አልገባቸውም። አዝመራው ደርሶ ነበር። የደረሰው ስንዴው አለመሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀኑም ሰኞ ዋለ። ሰኔ 1 ሰኞ ሲውል "ሰኔና ሰኞ ገጠመ" ተብሎ የሚፈራ አገር ውስጥ በሰኔ ሰኞ ሳይፈሩ ጉዞ መጀመር ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው።

እኔ ብዙ የመስክ ጉብኝት አይቻለሁ፤ ኮፍያዎቼ ይመስክሩ። (እቤቴ እንደ "ምርትና ምርታማነት" ያለ መፈክር ያልተጻፈበት ኮፍያ የለም። ባለቤቴ ለሠርግ ስንሄድ እንኳ "ቅንጅታዊ አሠራርን እናጠናክር" የሚለውን ነው የምትሰጠኝ፣ ነጭ ስለሆነ።) የዚህኛው ጉብኝት ልዩነቱ ከዕቅዱ ጀምሮ መኖሬ ነው። በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ "የሚዲያ ተወካይ" ተብዬ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጽድቅ በስውር ሲሆን ነው የሚያምረው።

ኮሚቴው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ አምስት ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። የመስተንግዶ፣ የትራንስፖርት፣ የፕሮቶኮል፣ የባነርና ቲሸርት፣ አምስተኛው ደግሞ አራቱን የሚከታተል። "ገበሬውንስ የሚያነጋግረው የትኛው ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢያችን በትዕግሥት አዩኝና "ገበሬው አለ፤ የት ይሄዳል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባነር ካልታዘዘ አይመጣም፣ ሆቴል ካልተያዘ ይሞላል፣ ገበሬ ግን በሰኔ ከማሳው የትም አይሄድም። እንዲህ ያለ አስተማማኝ ተሳታፊ ላይ ስብሰባ ማባከን ብልህነት አይደለም።

ለባነሩ ሁለት ሳምንት ሠራንበት። የግዥ ሕግ ሦስት ፕሮፎርማ ይላል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ከዚያ ምን ፎቶ ይለጠፍበት የሚለው መጣ። የደረሰ ስንዴ፣ በስንዴው መካከል ኮምባይነር፣ ከበላዩ የኃላፊዎች ጉርድ ፎቶ በማዕረግ ቅደም ተከተል። ከቅጥር ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ባለሙያ እጁን አወጣ። "በሰኔ እኮ ማሳው ላይ ስንዴ አይኖርም" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና "ባነሩ ላይ ይኖራል" አሉ። ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ፤ ልጁም በቃለ ጉባኤው ላይ "ገንቢ አስተያየት ሰጥቷል" ተብሎ ተመዘገበለት።

ማሳ መረጣው ደግሞ ሳይንስ ነው። የአፈሩ ለምነት፣ ዝርያው፣ የዘር ወቅቱ ምናምን የሚባሉ መመዘኛዎች ለተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይሁኑ። የእኛ መመዘኛ አንድ ብቻ ነበር፦ ከአስፋልት ያለው ርቀት። ኮስተር የማይደርስበት ማሳ ምንም ያህል ቢያፈራ ልማት አይባልም። ስንዴውን በአህያ ጭኖ ሦስት ሰዓት የሚሄደውን ገበሬ እናከብረዋለን፤ ግን የተቀመጠበት ቦታ ለካሜራ አይመችም። ከአስፋልቱ 400 ሜትር ገባ ብሎ አንድ ተገኘ። ባለቤቱ ሞዴል አርሶ አደር ናቸው። ስንት ጊዜ እንደተጎበኙ እሳቸውም አያስታውሱትም።

መርሐ ግብሩ ሦስት ቀን ነበር። ሁለቱ ቀን አዳማ፣ ግማሽ ቀን ማሳ፣ ግማሽ ቀን "ወደየመጡበት መመለስ"። የግብርና ስብሰባ ለምን አዳማ እንደሚደረግ የሚጠይቅ የዋህ አይጠፋም። ማሳ ላይ ፕሮጀክተር አይበራም፤ ማሳ ላይ የሻይ ዕረፍት የለም፤ ማሳ ላይ አልጋ የለምና ውሎ አበል በምን ይሞላል? አዳማ ራሷ ትልቅ እርሻ ናት፤ ክረምት ከበጋ ስብሰባ ይታጨድባታል፣ መስኖ አትፈልግም።

አዳራሹ ውስጥ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተደረገ። ከዚያ የመክፈቻ ንግግር። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ላደረጉት የምስጋና ንግግር። "አቅጣጫ ተቀመጠ"። አቅጣጫው በየትኛው በኩል እንደሆነ ለማወቅ ባንችልም ሁላችንም በደብተራችን አስቀመጥነው። ወዲያው ደግሞ ፎልደር ታደለን። ውስጡ እስክሪብቶ፣ ደብተርና ፍላሽ አለ። ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ስሰካው የጉብኝታችን ዜና ተጽፎ አልቋል! "ጋዜጠኞቹ በተመለከቱት ውጤታማ የግብርና ሥራ መደሰታቸውን ገለጹ" ይላል። ገና ምንም አልተመለከትንም ነበር። መደሰታችንን ከእኛ ቀድሞ የሚያውቅልን ሰው ማግኘት በዚህ ዘመን ቀላል አይደለም። እኔ በበኩሌ ዋናውን ሥራ አስረክቤ የቀረውን ጊዜ ለክትፎው አዋልኩት።

ትንሽ ያጠፋው የምርምር ባለሙያው ነው። መርሐ ግብሩ ላይ 40 ደቂቃ ነበረው፤ ንግግሮቹ በልተውት 5 ደቂቃ ቀረችው። በ5 ደቂቃ ግን አጭር ምስጋና አቅርቦ መውረድ ሲገባው ስለ ዋግ፣ ስለ ስንዴው በሽታ፣ ማውራት ጀመረ። በ2003 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ጣለው፤ ገበሬው ወደ ዲጋሉ ዞረ፣ ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበርና። አርሲና ባሌ በዲጋሉ ተሸፈነ። በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ በአዲስ መልክ መጥቶ ዲጋሉን ራሱን አጨደው። ዋግ በነፋስ ነው የሚሄደው፤ ሁሉም ማሳ አንድ ዝርያ ሲለብስ ለበሽታው መንገድ መጥረግ ነው፤ ገበሬው እጅ ላይ ሌላ ዝርያ ቶሎ ካልደረሰ... እዚህ ላይ ሰዓት ጠባቂዋ ወረቀት አሳየችው። "ዝርዝሩን በሻይ ሰዓት መጠየቅ ይቻላል" አሉ መድረክ መሪው። በሻይ ሰዓት ብቻውን ቆሞ ሳምቡሳ ሲበላ አየሁት። ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ግን ወዲያው የአበል ፊርማ ተጠራ።

በማግስቱ ጠዋት በኮስተር ወደ አሰላ መንገድ ወጣን። የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኗል። አርሲ ለጎብኚ አዲስ አይደለችም። ከ1960 ገደማ ጀምሮ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው ካዱ የተባለ የግብርና ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሆኖ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስተዋውቅ ያን ጊዜም ለዓይን የሚያምር ማሳ ነበር። ትራክተር ሲገባ ባለርስቱ ጭሰኛውን ያስነሳው እንደነበር የታወቀው ኋላ ነው፤ የተነሳ ጭሰኛ ማሳው ላይ ስለማይገኝ ፎቶ ውስጥ አይገባም። ይህን ያነሳሁት ጥበቡ የቆየ መሆኑን ለማሳየት እንጂ ለሌላ አይደለም።

ከማሳው ትንሽ እንደቀረን አስፋልቱ ዳር የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን አለ። መጋዘኑ ፊት ለፊት ሰው ተሰልፏል። ጋቢ የደረበ፣ ላስቲክ የተከናነበ፣ ባዶ ጋሪ የያዘ። የፕሮቶኮል ኃላፊያችን ተነሥተው "ፀሐይ እንዳትመታችሁ" ብለው መጋረጃውን በእጃቸው ዘጉልን። ዝናብ እየጣለ ነበር። እንዲህ ያለ ስስት ከእናት ካልሆነ ከማን ይገኛል?

አንዱ ባልደረባችን ግን መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ "ምን እየጠበቁ ነው?" አለ። "ልምድ ልውውጥ ላይ ናቸው" ተባለ።

ዘር የሚያውቅ ሰው ግን ወረፋው ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር አብሮ የሚገባ ነው። ዩሪያ ይዘገያል፣ ቡቃያው ወጥቶ ሲጎነቁል ይጨመራል። ኤንፒኤስ ከዘር ቀን ካለፈ ግን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቢያመጡለት ገበሬው ለግድግዳ አይቀባው! በ2015 ክረምት በየክልሉ ገበሬው "ማዳበሪያ" እያለ ሲጮህ የነበረው ለዚህ ነበር። ይህ እንግዲህ የሰኔ ዜና ነው። ለግብርና ጋዜጠኛ በሰኔ ከዚህ የተሻለ ዜና የለም፤ እኛም ሰኔ ላይ በትክክል ደርሰናል፤ ዜናውም መንገድ ዳር ቆሞ ጠብቆናል። መጋረጃው ብቻ ነው የለየን።

ሞዴሉ አርሶ አደር በባነሩ ፊት ቆመው ጠበቁን። ከኋላቸው ባነሩ ላይ ስንዴው ወርቅ መስሏል፤ ከባነሩ ኋላ ደግሞ ጥቁር የታረሰ አፈር እስከ አድማስ ድረስ። ካሜራማኑን ገና ሲያዩት "ብርሃኑ ከኋላዬ ነው፣ ፊቴ አይጠቁርም?" አሉት። ይህ ነው የቴክኖሎጂ ሽግግር ማለት። ከዚያ ማይክ ሲቀርብላቸው በኦሮምኛ መናገር ጀመሩ። አራት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። እጃቸውን ወደ መጋዘኑ ጠቆሙ፣ ወደ ሰማይ ጠቆሙ፣ ጣታቸውን ቆጠሩ። እኔ ኦሮምኛ ብዙም አልችልም፤ ዩሪያ ግን በየትኛውም ቋንቋ ዩሪያ ነው፣ ኮምባይነርም ኮምባይነር ነው፤ ኤንፒኤስ የሚለውን ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ሲጨርሱ አጠገባቸው የቆሙት ኃላፊ ተረጎሙልን።

"በተደረገልኝ ድጋፍ በጣም ደስተኛ ነኝ ነው የሚሉት።"

የኮስተሩ ሾፌር የአርሲ ልጅ ነው። ትርጉሙን ሲሰማ ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቀረብ ብዬ "ወንድሜ፣ ሰውዬው ምን ነበር ያሉት?" አልኩት። ዙሪያውን አየና "ጋሼ፣ የኔ አበል ገና አልተፈረመም" አለኝ።

"በሄክታር ስንት ኩንታል ይጠበቃል?" ተብሎ ተጠየቀ። ኃላፊው ባነሩን አየት አድርገው "ከ70 አያንስም" አሉ። የአገሪቱ አማካይ የስንዴ ምርት ወደ 30 ኩንታል ገደማ ነው፤ ይህ ማሳ ገና ሳይዘራ እጥፉን አልፏል። ተጨበጨበ። የቡድን ፎቶ ተነሣን። ባነሩ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ተጫነ። ማሳውም እርቃኑን ቀረ።

ዝናቡ የጠነከረው ያኔ ነው። ኮስተሩ ወደ አስፋልቱ መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ጭቃው ውስጥ እስከ ሆዱ ሰጠመ። ሾፌሩ ሲረግጥ ይበልጥ ይቆፍራል። አምስቱ ንዑስ ኮሚቴ በመስኮት ተመለከቱ። አንደኛው "ይህ በዕቅዱ ላይ በስጋትነት አልተለየም ነበር" አለ።

ከመጋዘኑ በኩል ሰዎች መጡ። ሠላሳ ይሆናሉ። ወረፋቸውን በየቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው ነው የመጡት። ጫማቸውን አወለቁ፣ ገለባ ጎማው ሥር ጎዘጎዙ፣ ትከሻቸውን ሰጡ። "ሆ!" ሲሉ ኮስተሩ ተነቃነቀ፣ በሁለተኛው ወጣ። ጭቃው ባነሩ ላይ ሳይደርስ መትረፉ ሁላችንንም አስደሰተ። እኔ ወዲያው ፍላሹ ላይ ያለው ዜና ትዝ አለኝ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ "የአካባቢው ኅብረተሰብ ለእንግዶቹ ደማቅ አቀባበል አድርጓል" ይል ነበር። ባለፈው ሳምንት የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት!

አንድ ሽማግሌ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ በመስኮቱ በኩል ቀረቡ። ግንባራቸው ድረስ ጭቃ ናቸው። በአማርኛ ነው የጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ከብዶ ነው የሰጠመው። ማዳበሪያ ነው የጫናችሁት?"

"አይደለም አባባ" አልኳቸው፣ "ባነር ነው።"