ለሟች እንፈጥናለን፣ ለቋሚስ?

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሐበሻ ሲያርፍ ስልካችን ዝም አይልም። ቀኑ ሳይመሽ የጎፈንድሚ ሊንክ በቫይበርና በቴሌግራም ይዞራል። አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ይሞላል። ሟቹን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ሳይቀር የአቅሙን ይጥላል። ደግ ሕዝብ ነን፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ያው ሰው በሕይወት እያለ የሁለት ወር ኪራይ ቢያቅተው ግን ማን ይሰማል?

ይህ ጥያቄ ውስጤ የቀረው የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር አባላትን ካየሁ በኋላ ነው። ማኅበሩ በሰፈራችን የካቶሊክ ደብር ውስጥ ይሠራል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ፈልገው ነው የጠሩኝ።

አሠራራቸው ቀላል ነው። የቸገረው ቤተሰብ ይደውላል። ሁለት አባላት ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ፤ ሁልጊዜም ሁለት ሆነው ነው። የእኛ ሃይማኖት ተከታይ ነህ ወይ ብለው አይለዩም። በገንዘብ ሲረዱም ቼኩ በቀጥታ ለአከራዩ ወይም ለመብራት ድርጅቱ ይጻፋል። እዚያ ቤት የሰሙት ነገር ደግሞ እዚያው ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ የገባነው የሦስት ልጆች እናት ቤት ነበር። የመብራት ድርጅቱ የላከውን ማስጠንቀቂያ አጣጥፋ ከማርያም ሥዕል ኋላ ሸሽጋዋለች። ልጆቹ እንዳያዩት ነው። ጎብኚዎቹ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርትና አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ቡና አፍልታ ጠበቀችን፤ ጠጡላት። መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቁ። ስለ ቢሉ ያነሱት ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው። ወረቀቱን አውጥታ ስትሰጠኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ወንድሜ፣ አደራህን፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳይሰማ" አለችኝ።

የምታገለግልበት፣ ሰንበቴ የምትጠጣበት ቤተ ክርስቲያን ነው እንዳይሰማ የፈለገችው። የማታውቃቸውን ፈረንጆች ቤቷ አስገብታ የራሷን ሰዎች ፈራች። ይህ በጣም አሳዘነኝ።

ማኅበሩ የተጀመረው በ1833 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ነው። ፍሬድሪክ ኦዛናም የሚባል የ20 ዓመት ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር መሠረተው። ሮዛሊ ሮንዱ የተባሉ መነኩሲት የድሆቹን ቤት እያሳዩ መሯቸው። በ1845 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ደረሰ። ስሙን የወሰደው በ1660 ካረፉት ፈረንሳዊ ቄስ ነው። እኚህ ቄስ ከመሠረቱት የካህናት ማኅበር የወጡት ጀስቲን ደ ጃኮቢስ በ1839 ዓድዋ ገብተዋል፤ የአገራችን ካቶሊኮች አቡነ ያዕቆብ ይሏቸዋል። እንግዲህ ያን ያህል ባዕድ አይደሉም።

አገር ቤት እኮ መደወል አያስፈልግም ነበር። ጢስ ያልወጣበት ቤት በጎረቤት ይታወቃል። እናቶቻችን በልጅ እጅ፣ ነጠላ አልብሰው ምግብ ይልኩ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ገብተን በራችንን ስንዘጋ ይህ ዓይን እየደከመ ነው። ዝክራችን ደግሞ በአብዛኛው የሚደርሰው ደጀ ሰላም ቆሞ "ስለ ማርያም" ለሚለው ነው። ጓዳው ተቀምጦ የሚያፍረው ይዘለላል። በዚህ ረገድ የሙስሊም ወንድሞቻችን ዘካተል ፊጥር፣ ማለትም በረመዳን ማብቂያ የሚሰጠው ምጽዋት፣ ያስቀናኛል። ከዒድ ሶላት በፊት ለችግረኛው መድረስ አለበት፤ የበዓሉ ቀን ማንም እንዳይራብ።

እድራችንንስ እዩት። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው፣ የቀረ ይቀጣል። እንዲህ የተደራጀ ነገር ያለን ለቀብር ነው። ለቋሚም መሆን እንደሚችል ግን ታይቷል። ኤችአይቪ ብዙ ወላጅ በቀጠፈበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያገዙ እድሮች ነበሩ።

እዚህ ያሉ ማኅበሮቻችንም ይህን ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ከየወሩ መዋጮ ትንሽ ተቀንሶ ለኪራይና ለመብራት ይቀመጥ። አንድ ስልክ ቁጥር ይኑር። ሚስጥር የሚጠብቁ ሁለት ሁለት ሰዎች ይመረጡ። ከባዱ ሚስጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ስለዚህ የሲልቨር ስፕሪንግ ምእመናን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውን ቤተሰብ ይጎብኙ፣ የአሌክሳንድሪያዎቹ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ይምጡ። ያቺ እናት እንዲህ ቢሆን ትደውል እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። በሚቀጥለው ማኅበራችን ላይ ሐሳቡን አቀርባለሁ፤ የሌሎች ማኅበራት አባላትም በየበኩላችሁ አንሱት። ክረምቱ ሳይገባ ብንጀምር ጥሩ ነው፤ የማሞቂያው ቢል የሚከብደው ያኔ ነው።