ለጥያቄ ብቻ ነው!

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ጉዳይ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ባንክ፣ የውኃ ክፍያ፣ የአማቴ መድኃኒት። «ለምሳ እደርሳለሁ፤ ከምሳ በኋላ ብስክሌት አስተምርሻለሁ» ብዬ ለልጄ ቃል ገባሁ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ገና አዋቂ ሰው የሚናገረውን ታምናለች።

ባንክ ስደርስ ከፊቴ ዘጠኝ ሰው አለ። ወረፋ የያዘ ሰው ሥራው መቁጠር ነውና ቆጠርኩ። ከዚያ ከፊቴ የቆመውን ሰው ማጅራት አጠናሁ። ከዚያ እንደገና ቆጠርኩ። ዘጠኝ ናቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። የዚያን ቀን እንቁላሉ እግር አውጥቶ ቢመጣ ከኋላዬ አሥራ አንደኛ ሆኖ ይቆም ነበር።

ሰልፉ በስንት መከራ ወደ ስምንት ዝቅ እንዳለ እሳቸው ገቡ።

ስማቸውን አላውቅም። ጎልማሳ ናቸው። ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው፤ እጃቸው ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አለ። የሰልፉን ጅራት ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደገፉ። ከዚያም ለታመመ ሰው በሚያወሩበት ዓይነት ለስላሳ ድምፅ፣ «ለጥያቄ ብቻ ነው» አሉ።

ይህ ጽሑፍ ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው የምስጋና ደብዳቤ ይሁንልኝ። እኛ ተሰላፊዎች የሰጠነው ጊዜያችንን ብቻ ነው። እነሱ ግን ይሉኝታቸውን ሰጥተዋል። ሁሉንም። አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ።

ጥያቄያቸውን በጥሞና ተከታተልኩ። የመጀመሪያው «እዚህ ነው?» የሚል ነበር። እዚህ ነው ተባሉ። ጥሩ፤ ጠየቁ፣ ተመለሰላቸው፣ አሁን ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ለካ እውቀት የጠማቸው ሰው ናቸው። «እንግዲህ አንዴ ከመጣሁ አይቀር» ብለው ያንን ወረቀት መዘርጋት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መታወቂያ ወጣ። ፎርም ተሞላ። እስክሪብቶ አልያዝኩም አሉ፤ ከሰልፉ አንዱ አዋሳቸው። (እኔ ነኝ።) ተፈረመ። ፊርማው አልመሳሰል ብሎ እንደገና ተፈረመ። ገንዘብ ተቆጠረ። እሳቸውም አላመኑም መሰለኝ ደግመው ቆጠሩት። ተማሪ ሳለሁ ብዙ ጥያቄ ጠይቄያለሁ። ጠይቆ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ያኔ ገና አየሁ።

ሲወጡ ፈገግ ብለው «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ» አሉን። እኛም ተጠናንተን የመጣን ይመስል ባንድ ድምፅ «ኧረ ምንም አይደል!» አልን።

እስክሪብቶዬን ይዘው ሄዱ።

ይህን ተሰጥኦ ዓይንን በጨው መታጠብ እያሉ የሚያናንቁ ሰዎች ያናድዱኛል። ሳይንስ እንኳን አልናቀውም። ኤለን ላንገር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ጥናት አሳትማለች። ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ ወደ ማሽኑ ወደቀረበ ሰው ጠያቂ ይላክና «አምስት ገጽ ነው ያለኝ፣ ታስቀድመኛለህ?» ይለዋል። ምክንያት ሳይጨመር ሲጠየቅ 60 በመቶው እሺ አለ። «ቸኩያለሁ» ሲባል 94 በመቶ ደረሰ። አሁን ልብ በሉ። «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» ሲባልም 93 በመቶው አስቀደመ! ማሽኑ ጋ ልብስ ሊያስተኩስ የመጣ ያለ ይመስል።

ገጹ ወደ 20 ከፍ ሲል ግን ያ ባዶ ምክንያት ምንም አልፈየደም። አያችሁ? የጥበቡ ቁልፍ «ጥያቄ» የምትለዋ ቃል አይደለችም። «ብቻ» ናት። ሃያውን ገጽ አምስት የምታስመስለው እሷ ናት። የእኛ ሰውዬ ጥናቱን ያነበቡት አይመስለኝም። ምን ያደርግላቸዋል?

የውኃ ክፍያው ጋ አሥራ አራተኛ ሆኜ ቆምኩ። ጥርሴን ነክሼ። አሁን አንድ ሰው ጥያቄ አለኝ ቢል አልለቀውም ብዬ በልቤ እየዛትኩ ሳለ ከፊት «አንተ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። ልጅ አልኩ እንጂ እሱም መላጣ ሆኗል። ሦስተኛ ላይ ቆሟል። ሃያ ዓመት አልተያየንም። የት ጠፋህ፣ አንተ ነህ የጠፋኸው፣ ወፈርክ፣ ሸበትክ ተባባልን። ሄጄ አቀፍኩት። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። የድሮ የሒሳብ አስተማሪያችንን አነሳን።

ሰላምታው አለቀ። እግሬ ግን አልተመለሰም።

አራተኛዋ ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ጓደኛዬ ዞር ብሎ «አብረን ነን» አላት። ሃያ ዓመት ሳንተያይ፣ አብረን ነን! ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው። እኔማ በጣም አፈርኩ። አፍሬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ስልኩን መቀበል የረሳሁት ውጭ ከተለያየን በኋላ ትዝ አለኝ።

መንገድ ላይ ትንሽ ኅሊናዬን ሲከነክነኝ ሌላ ጥናት አስታወስኩ። ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቹ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ 129 ሰልፎች መሃል ሆን ብለው ሰው አስገቡ። ጣልቃ ገቢው ብቻውን ሲሆን ተቃውሞ የገጠመው በግማሽ ያህሉ ጊዜ ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ሞከሩ። ከራሳቸው ሰዎች ሁለቱን አስቀድመው ሰልፉ ውስጥ አቆሙና ጣልቃ ገቢው ፊት ለፊታቸው ሲገባ ምንም እንዳይናገሩ አደረጉ። ከእነሱ ኋላ ያለው ሕዝብም አብሮ ዝም አለ ማለት ይቻላል።

ባንክ ውስጥ የእኔ ሥራ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ለዚያውም በነፃ፣ ያውም እስክሪብቶ ጨምሬ። ከሰውየው ክብር ላይ ድርሻ ይገባኛል።

መድኃኒት ቤቱ ባዶ ነበር። ገባሁ፣ ገዛሁ፣ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ቅር አለኝ።

ቤት ስደርስ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ታጥቧል። ልጄ የብስክሌቷን መሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምን እንዳቆየኝ ለማስረዳት የባንኩን ታሪክ ከነድምፁ፣ ከነክርኑ ተወንኩላቸው። ሁሉም ሳቀ። አማቴ ብቻ አልሳቁም።

«አንተስ ምን አልካቸው፣ ልጄ?»

«እስክሪብቶ ሰጠኋቸው።»

አማቴ መድኃኒታቸውን ዋጡ።

ከዚያ የቀረውን ቀን ኮርቻ ይዤ ስሮጥ ዋልኩ። ልጄ ሁለት ጊዜ ወደቀች። እኔ ሦስት። ሊመሽ ሲል ሳታውቅ ለቀቅኳት። «ይዘኸኛል?» ስትለኝ «ይዣለሁ» አልኳት። ብቻዋን እስከ አጥሩ ድረስ ሄደች። ዞር ብላ ባዶ እጄን ስታይ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ማታ ሁላችንም አቧራ ለብሰናል፤ መታጠቢያ ቤታችን ደግሞ አንድ ነው። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ በሩ ላይ ቆምኩ። አንደኛ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ከኋላዬ ባለቤቴ፣ ከእሷ ኋላ አማቴ። ልጄ ከሳሎን መጣች። የሰልፉን ጅራት ዞር ብላ አላየችውም። በጉልበቴ በኩል ሾልካ አለፈች።

«አባዬ፣ ለጥያቄ ብቻ ነው።»

በሩ ተዘጋ። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፤ ባለቤቴ ጣሪያውን ታያለች። ወደ አማቴ ዞርኩ፤ አማቴ አሁን ይስቃሉ። ውስጥ ውኃው ሲለቀቅ ተሰማኝ።

«ከገባሁ አይቀር፣» አለች በበሩ ጀርባ፣ «ፀጉሬንም ልታጠበው!»