የምጥ ሕመምን ስለማስታገስ፦ ማስተካከያ

ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ እናቶች ባዘጋጀነው ጽሑፍ «ምጥ ሲበረታ ሆዷን በቅቤ ማሸት፣ ወገቧ ላይም የፈላ ውኃ የያዘ ላስቲክ ማድረግ» ብለን ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሆድ አይታሽም፣ አይጫንም። እንግዴ ልጁ ያለጊዜው ሊላቀቅ፣ ማሕፀንም ሊቀደድ ይችላል፤ በተለይ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት አደጋው ይብስባታል። የሚታሸው ወገብ ነው። ምጡ ሲመጣ እህቷ ወይም ባሏ የመዳፍን ግርጌ ከመቀመጫዋ በላይ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አድርገው እስኪያልፍ ድረስ አጥብቀው ይግፉ፤ ሲለቃት ይልቀቁ። ሕመሙ ሁሉ ወገቧ ላይ ለሚያርፍባት እናት ከዚህ የሚሻል እምብዛም የለም።

ሙቀትም ልክ አለው። ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክሮ መጭመቅ፣ በእጅ አንጓ ውስጠኛ በኩል መሞከር፣ ካላቃጠለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወገቧ ላይ ማቆየት። ገላዋን የምትነክርበት ውኃ ከ37.5 ዲግሪ አይለፍ፤ የእናቲቱ ሙቀት ሲጨምር የሕፃኑ የልብ ምት ይፈጥናል። ከሐይቁ የተቀዳ ውኃ ለዚህ አይሆንም፤ ጣና ቢልሃርዚያ አለበት።

በጀርባ መንጋለልንም ሳንከለክል ቀርተናል። ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ትራመድ፣ ወይም በግራ ጎኗ ትተኛ።

ደም ከፈሰሳት ወይም የሽርት ውኃው ከአረነገደ ማሸቱም ፎጣውም ይቅር፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ከደቅ ደሴት በጀልባ የምትመጣ እናት ደግሞ ቀኗ ሳይደርስ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ትግባ።