የሠርግ ኤታማዦር

ድሮ ሠርግ ላይ «አስተናጋጅ» ነበር የሚባለው። ቀጥሎ «ኮሚቴ» ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቢራ ለመጨመር ኤታማዦሩን አስፈቅዱ!» ኤታማዦር የተባለው ሰውዬ የመጋዘኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከቁርጡ አጠገብ ተገትሯል።

እስቲ ይቺን ቃል እንያት። ፈረንሳይኛ ናት። «ኤታ» ሁኔታም፣ መንግሥትም፣ መዝገብም ይሆናል። «ማዦር» ዋና፣ ታላቅ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ የአንድ ሰው ስም አይሆኑም፤ የቡድን ነው። ካርታ የሚዘረጉ፣ ስንቅ የሚያሰሉ፣ የአዛዡን ትእዛዝ የሚጽፉ መኮንኖች ናቸው። አለቃቸው ነው ኤታማዦር ሹም። «ሹም»ን ብቻ ከራሳችን ሰጠነው። እንግዲህ «ኤታማዦሩ መጡ» ማለት «ጽሕፈት ቤቱ መጡ» እንደማለት ነው። ግን ማን ይሰማል!

ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የባቡር ቋንቋ ነበር፤ ለገሃርንም ያተረፈልን እሱ ነው። በ1920ዎቹ ክቡር ዘበኛን ያሠለጠኑትም የቤልጂግ መኮንኖች ናቸው። ኋላ እንግሊዝኛው ሲበረታ «ሜጀር ጄኔራል» አልን። ማዦርና ሜጀር አንድ ቃል እኮ ናቸው! አንዱ በባቡር፣ ሌላው በአውሮፕላን ስለመጡ አልተዋወቁም። የራሳችን ማዕረግ ግን አይዋሽም። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻለቃ፤ ስንት ሰው እንደሚያዝ ስሙ ላይ ተጽፏል። በዚህ ሒሳብ የሠርጉ ሰውዬ ሃያ ሳጥን አለቃ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሏትን ተረት እወዳታለሁ። ሌላው ሹመት ዓመታት አለው፤ የሠርግ ሹመት ግን ከምሳ እስከ ማታ ነው። ጥድፊያቸው ይገባኛል። የማይገባኝ የአንድ ዘመድ ሠርግ ነው። መዋጮዬን ቀድሜ ከፍያለሁ። ተሰልፌ ስደርስ «ዶሮው አልቋል» ተባልኩ፤ ድስቱ ላይ መረቅና አንዲት የተሰነጠቀች እንቁላል። መጋረጃው በነፋስ ሲገለጥ ኮሚቴው በሙሉ ፈረሰኛ ይዞ ተሰልፏል! ይኼን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳም።

እውነተኛው የኤታማዦር ሰው እንዲህ አይደለም። የናፖሊዮንን ሐሳብ ወደ ጥርት ያለ ትእዛዝ ይለውጥ የነበረው በርቲዬ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1815 ባምበርግ ውስጥ ከመስኮት ወድቆ ሞተ። ከ17 ቀን በኋላ ናፖሊዮን ዋተርሎ ላይ ተሸነፈ። በእርግጥ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ግን የጸሐፊ ነገር እንዲህ ነው፤ ሲኖር ማንም አያየውም።

የኛዎቹ ግን መታየት ነው የሚወዱት። ቃሏም ከአፍ አፍ ስትዞር «ኢታማዦር»፣ «ኤታማጆር» እየሆነች ነው፤ ብቻ ለእድራችንም ደርሳለች። ዳኛና ገንዘብ ያዥ አልበቃ ብሎ «የእድሩ ኤታማዦር» ይመረጥ ተብሏል። ሦስት ዕጩ ቀርቧል። ድንኳን ለሚሸከም ቦታ ግን እስካሁን አንድም ሰው እጁን አላወጣም።